ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ገርጂ ውስጥ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር፤ የሰባተኛ «ለ» ክፍል ኃላፊም ነበርኩ። የክፍል ኃላፊ ስም ጠርቶ የሚወጣ ሰው ብቻ አይደለም። ልጁ ሲያመው ቀድሞ የሚነገረው፣ ወላጅ ሲጠራ አብሮ የሚቀመጠው፣ ካርዱ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። ይህን ሥራ በጣም እወደው ነበር። ለልጆቹ ደብተር መሸፈኛ ቀለም መርጬላቸዋለሁ፤ የልደት ቀናቸውን በወር በወር ከፋፍዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። አርባ አንዱንም የእኔ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው።

መጋቢት ላይ ደብተራቸውን ይዘው «ለሁለት ሳምንት ነው» ተብለው ወጡ። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፤ ወሩ ሚያዝያን ተሻገረ። ትምህርቱን በቴሌግራም መላክ ጀመርን። ዳይሬክተራችን ግን ሌላ ነገር ነበር ያሳሰባቸው። ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ግቢው ውስጥ ወንበር አራርቀው አስቀመጡንና እንዲህ አሉን፤

«ወረቀቱ ደርሷቸው እንደሆነ ቴሌግራሙ ይነግረናል። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ግን ማን ይነግረናል? እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ በሳምንት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ ይደውል። ስለ ትምህርት እንዳትጠይቁ። እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልሽ ብቻ በሉ።»

እኔ «እንዴት ዋልሽ ብቻ» የሚለውን መቀበል አልቻልኩም። የሚጠየቀው ነገር ካልታወቀ መልሱ እንዴት ይነጻጸራል? በዚያው ቀን ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። አሥራ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ ቁርስ በልተሃል፣ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ማን አለ፣ የሚያስፈራህ ነገር አለ፣ እንዲህ እያለ የሚሄድ። መልሱ ጥሩ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካጠራጠረ ቢጫ፣ ካሳሰበ ቀይ ይቀባል። ዳይሬክተሯ አይተው «ጎበዝ ልጅ» አሉኝና ለሁሉም መምህራን ላኩት። በዚያ ወር እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ አልነበረም።

ጥሪዎቹ እንዲህ ነበሩ።

«ሄሎ ቲቸር።»

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«በደንብ ትተኛለህ?»

«እተኛለሁ።»

«የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?»

እዚህ ላይ ከጀርባ የእናት ድምፅ ይሰማል። «ጮክ ብለህ መልስ እንጂ፣ ቲቸርህ ናት!»

«ደህና ነኝ ቲቸር።»

አርባ አንድ ጊዜ ደህና ነኝ። ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ፤ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

የስፖርት መምህሩ ደግሞ ኃላፊ የሆነበት ክፍል አልነበረውም። የሚልከው ወረቀትም አልነበረውም። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን ይኖራል፤ በሕይወቱ አንድም ቅጽ በሰዓቱ አስገብቶ አያውቅም። ይህ ሰው ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብሎ በብሎኩ ደረጃ ላይ ሁለት ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች እያነሳ ራሱን ቀረጸ። ቆጠራው ሰባት ሲደርስ ነጠላ ጫማው ወለቀ፤ ስምንት ሲል የአንዱ ጀሪካን ክዳን ተከፍቶ ከአንገቱ በታች አራሰው። እኔ ብሆን እንደገና እቀርጸው ነበር። እሱ እንዳለ ለልጆቹ በቴሌግራም ላከው።

ልጆቹ አበዱ። አንዱ የዱቄት ከረጢት፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን አንስታ ላከች። ውሃ የራሰውን መምህር ስቲከር አድርገው ሠሩት። ከዚያ የድምፅ መልእክት መላክ ጀመሩ፤ መልእክቶቹም ስለ ስፖርት አልነበሩም።

ይህን ያወቅኩት በሰኔው ስብሰባ ላይ ነው። ሪፖርቴን አነበብኩ፤ ሰባተኛ «ለ» በሁሉም ጥያቄ አረንጓዴ። እሱ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ያ ረጅሙ ልጅ፣ ጥግ ላይ የሚቀመጠው... ቀን ቀን ነው እኮ የሚተኛው። ሌሊት አባቱ ስለሚጮህ መተኛት አልቻለም።»

«ከማን ሰማህ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ራሱ ነገረኝ። የገመድ ዝላይ በድምፅ ስንቆጥር።»

ሁሉም ወደ እኔ ወረቀት ተመለከቱ። የልጁ መስመር ላይ «እንቅልፍ፦ ጥሩ» ይላል።

ስንወጣ ከኋላዬ ደረሰብኝ። «እሜቴ ሠንጠረዥ፣ አትቆጪ። ያልሽው እኮ ውሸት አይደለም። እንቅልፉ ጥሩ ነው፤ ቀን ላይ ሆነ እንጂ።»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም በማስኩ ስር የሳቅኩ አስመሰልኩ፤ የዚያ ዓመት አንዱ ጥቅም ይህ ነበር።

ቅናት ከምቀኝነት ይለያል ብዬ ለተማሪዎቼ አስረድቼ አውቃለሁ። ምቀኛ ሌላው ያለው እንዲጠፋ ይፈልጋል፤ ቀናተኛ የራሱ የመሰለው እንዳይወሰድበት ይፈራል። የእኔ የትኛው እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ ሁለተኛው ነው እላችሁ ነበር። ነገር ግን የእሱን የቴሌግራም ገጽ በቀን አሥር ጊዜ እከፍት ነበር። ስንት ልብ እንደተሰጠው እቆጥር ነበር። ከሰጡት ውስጥ የትኞቹ የእኔ ክፍል ልጆች እንደሆኑ ለይቼ አውቅ ነበር። ከዚያም እኔም ቪዲዮ ቀረጽኩ፤ ሳሙና ቫይረሱን እንዴት እንደሚያጠፋ፣ የስቡን ሽፋን እንዴት እንደሚበጥሰው፣ በሳህን ውሃና በዘይት እያሳየሁ። ጥሩውን ሸሚዜን ለብሼ ዘጠኝ ጊዜ ቀረጽኩት። አሥራ ሦስት ልጆች አዩት። አንዲት ልጅ ብቻ መለሰችልኝ፤ «ቲቸር አሪፍ ነው» ብላ አጠገቡ ስቲከር አደረገች። ስቲከሩ ውሃ የራሰው የስፖርት መምህር ነበር።

የመለሰችልኝ እሷ ባትሆን ኖሮ ያን ያህል ባልከፋኝ ነበር። ከአርባ አንዱ ውስጥ በይበልጥ የእኔ ናት የምላት ይህችን ልጅ ነበር። ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ አንድ ነገር ባስረዳሁ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ የምትጠይቀው እሷ ናት። አባቷ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። አንድ ጊዜ ከአፋር የጨው ድንጋይ አስመጥታልኝ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬበታለሁ። ከትምህርት በኋላ እናቷ ኢምፔሪያል ጋ ካላት የልጆች ልብስ ሱቅ ድረስ መንገዱን አብረን እንሄድ ነበር፤ ቤታቸውም እንደ ስፖርት መምህሩ ቡልቡላ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ግን ለእኔ እንደ ሌሎቹ ደህና ነኝ ትላለች፤ ለእሱ በየቀኑ የዘለለችውን ገመድ በድምፅ ቆጥራ ትልካለች።

ኅዳር ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆቹ ስምንተኛ ገቡ፣ እኔም ኃላፊያቸው ሆኜ ቀጠልኩ። ልጆቹ በሁለት ምድብ ተከፈሉ፤ አንደኛው ምድብ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁለተኛው በቀሩት ቀናት ይመጣል። በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ። ግቢው ውስጥ ሦስት ሮቶ ተተከለ፤ እጅ ሳይታጠብ ማንም አያልፍም። ስፖርት መምህሩን በር ላይ ሙቀት መለኪያ ይዞ አቆሙት። ግንባራቸው ላይ ሲደግንባቸው ልጆቹ እንደ ምርኮኛ እጃቸውን ያነሳሉ፤ እሱም «ተማርከሃል፣ እለፍ» ይላል። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ ለዳይሬክተሯ ማስታወሻ ጻፍኩ። መልስ አልሰጡኝም።

እንዲህ እየሆነ ሳለ አንድ ሰኞ ዳይሬክተሯና እሱ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ደረስኩ። የልጅቷን ስም ሰማሁ። ስጠጋ ዝም አሉ።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«በሚመጣው ሰኞ እነግርሻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ ዳይሬክተሯ።

«የእኔ ተማሪ ናት እኮ።»

«የትምህርት ቤቱ ተማሪ ናት» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

እሱ ቀና ብሎም አላየኝም። ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ሲዘጋ ይበልጥ ያስቆጣል። በመጣችባቸው ቀናት ሁሉ ልጅቷን ሳያት ከረምኩ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረባትም። ጠዋት በር ላይ እጇን ታነሳለች፣ እሱ ይደግንባታል፣ ትስቃለች። እኔ ግን አሁን ሳቋ ውስጥ ምስጢር ይታየኝ ጀመር።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ከተከፈተም በኋላ ያልተውኩትን የሳምንቱን ሠንጠረዥ ላስረክብ ወደ ቢሮ ገባሁ። ዳይሬክተሯ አልነበሩም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሌሎች ወረቀቶች በላይ፣ በስፖርት መምህሩ የተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ የፈቃድ ማመልከቻ ተቀምጧል። እርግጥ ነው፣ ማየት አልነበረብኝም። አየሁት። የልጅቷ ስም፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የአንድ ሳምንት ፈቃድ፤ ምክንያት፦ አባቷ አርፏል። የተጻፈው ያለፈው ሰኞ ነው።

ደንግጬ ነበር፤ ይህን መናገር እፈልጋለሁ። አባቷን ሁለት ጊዜ በወላጆች ቀን አግኝቼዋለሁ፤ ትልቅ እጁን ለማንም ቀድሞ የሚዘረጋ ሰው ነበር። ነገር ግን ድንጋጤው ገና ሳያልቅ ሌላው ስሜት ደረሰበት። አእምሮዬ እንደ ልማዱ ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀመጠው። ፈቃድ ከተጠየቀላት ታውቃለች ማለት ነው። ካወቀች ነግራዋለች ማለት ነው። አምስት ቀን ሙሉ እሱ ሲያጽናናት፣ እኔ «የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» እያልኩ አረንጓዴ ስቀባ ከረምኩ ማለት ነው። ሦስቱም እርምጃ ትክክል መሰለኝ።

መርዶ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለራሴ ግን በዚያ ጠዋት ማስረዳት ነበረብኝ። የሞተበት ሰው ብቻውን ሳለ አይነገረውም። መንገድ ላይ፣ ሥራ ላይ፣ ምግብ ፊት አይነገረውም። የሚያውቁት ሁሉ አፋቸውን ይዘው ይከርሙና አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው። የአጎቴን ሞት ጎረቤቶቻችን ከእናቴ ጋር ለአራት ቀን ገበያ እየተመላለሱ ደብቀውናል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እርግጥ በዚያ ዓመት ሰው እንደ ወትሮው መሰብሰብ አይችልም ነበር፤ ሞት በስልክ ሲነገርም ሰምቼ ነበር። ይህን እንደ ሰበብ ላቀርበው እችላለሁ። እውነቱ ግን መርዶ የሚባል ነገር መኖሩ ለአንድ አፍታ እንኳ አልታሰበኝም። ያሰብኩት እሱን ነበር።

በእረፍት ሰዓት ልጅቷ ከሮቶዎቹ አጠገብ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ፣ ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ ከፍታ ዳቦ በእንቁላል ትበላለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት።

አፏ ሙሉ እንደሆነ ፈገግ አለች፤ ለሌላ ሰው የተባለ መስሏት ይሆናል። «ምን አሉኝ ቲቸር?»

«ስለ አባትሽ ሰማሁ።» ከዚያ፣ እዚያ ማቆም ስችል፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያንቀኝ የነበረው ወጣ። «ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም? ለስፖርት መምህሩ ስትነግሪ ለእኔ...»

«ምን ብዬ ልንገርዎት?» አለች። «አባዬ ለይቶ ማቆያ ነው ያለው። ስልክ አይፈቀድም አሉን።»

«አሉን» ስትል ገና እንዳልተነገራት ገባኝ። 

«አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው» አልኩ።

አየችኝ። ክፍል ውስጥ እጇን ከማውጣቷ በፊት የምታየኝ አስተያየት ነበር።

«ለይቶ ማቆያ ለገባ ሰው 'ያጽናሽ' ይባላል?»

 

ምሳ ዕቃዋን ዘጋች፤ የግራውን መቆለፊያ፣ ቀጥሎ የቀኙን። ማስኳን ወደ ላይ ሳበች። ተነሳችና ግቢውን አቋርጣ ወደ በሩ ሄደች። አልሮጠችም። ስፖርት መምህሩ የዘገየ ልጅ ሲያስገባ ነበር። ፊቷን አየ፤ ከዚያ በጭንቅላቷ ላይ አሻግሮ እኔን አየ። ሙቀት መለኪያውን ለዘበኛው ሰጠና መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ እጆቹን ዘረጋ። የሁለት ሜትር ርቀት የሚባለውን በዚያ ቀን ማንም አላስታወሰም።

ቢሮ ውስጥ አራት ሆንን። ልጅቷ ዳይሬክተሯ ጎን ተቀመጠች። ማልቀሱን አልቅሳ ጨርሳ አይኗ አብጦ ነበር። ነገሩን ያኔ ሰማሁ። አባቷ መንገድ ላይ ታሞ፣ ከዚህ ርቆ ሆስፒታል ውስጥ አርፎ፣ እዚያው ተቀብሯል። ወሬውን ያመጡት አብረውት የሚነዱ ሾፌሮች ናቸው፤ የነገሩትም ለኮንዶሚኒየሙ እድር ሰብሳቢ ነው። እናቷ የደም ግፊት ስላለባት እድሩ ያለ ወንድሟ አናረዳትም አለ። ወንድሟ ደግሞ ሆሳዕና ሆኖ የኮሮና ምርመራ ውጤት እየጠበቀ ነበር። ቅዳሜ ማታ ይገባል፤ እሑድ ጎህ ሲቀድ መርዶው ይነገራል። ስፖርት መምህሩ የእድሩ አባል ስለሆነ ያውቃል። ፈቃዱን ቀድሞ የጠየቀው ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ወደ ሐዘን ቤት ስልክ ተደውሎ «ለምን ቀረች?» እንዳይባል ነው። ደዋዩ ማን ሊሆን እንደሚችል ማንም አልተናገረም።

«እማዬ ታውቃለች?» አለች ልጅቷ።

«አታውቅም» አላት እሱ።

«መቼ ነው የምትነግሯት?»

ስልኩን ይዞ ወጣና ከእድሩ ሰብሳቢ ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። አጎቷ ውጤቱ ደርሶታል፤ አሁኑኑ ይነሳል። መርዶው ወደ ነገ ጠዋት ተሳበ።

«ዛሬ እኔ ቤት ትደር» አሉ ዳይሬክተሯ። «ለእናትሽ አንድ ነገር እንላታለን፣ ልጄ።»

«ከቤት ውጭ አድሬ አላውቅም። ትጠረጥራለች።» ድምፅዋ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚጠበቅ አልነበረም። «ቤት እሄዳለሁ። አልነግራትም።»

«ትችያለሽ?»

«አባዬ መኪናው ሲበላሽበት ለእኔ ነበር የሚደውለው። እማዬን እንዳትጨነቅ ምሳ እየበላ ነው በያት ይለኛል። እላታለሁ።»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እኔ ላድርሳት» አልኩ። «የክፍል ኃላፊዋ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ወደ ስፖርት መምህሩ ዞራ «ከቲቸር ጋር ልሂድ» አለች፤ ቲቸር ያለችው እሱን ነው። እንዲህ ብዬ ባልጽፍ ይሻለኝ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ያደረግኩትን አድርጌ፣ እሱን በመምረጧ ልቤን ቅር አለው። እንደዚያ ሆኖም ቀናሁ።

ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። «ምን ነካሽ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ።

«ለአንተ የነገረችህ መስሎኝ።»

«ለእኔ?» አለ። «እሷ ለእኔ ምንም ነግራኝ አታውቅም። ገመድ ትቆጥራለች፣ በቃ። እኔ ጎረቤት ስለሆንኩ ነው የማውቀው።»

ይህን ሁሉ ወር የቀናሁበት ነገር እሱም ዘንድ አልነበረም ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ታክሲ ቡልቡላ ሄድኩ። አትምጪ ያለኝ የለም፤ ነዪ ያለኝም የለም። ብሎኩ ስር አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል፤ ሁሉም ማስክ፣ ሴቶቹ በላዩ ላይ ነጠላ። የእድሩ ሰብሳቢ በእጃቸው ምልክት እያሳዩ የሚወጡትን መረጡ፤ አጎትየው ከፊት፣ ሁለት ጎረቤት ሴቶች፣ ስፖርት መምህሩ። እኔ ሳይመርጡኝ ከኋላ ተከተልኩና በደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከዚያ ሆኜ በሩ ይታየኝ ነበር።

አንኳኩ። እናትየው በሌሊት ልብሷ ከፈተች። ወንድሟን አየችው፤ ከሆሳዕና፣ በዚያ ሰዓት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

ከኋላዋ ልጅቷ ቆማ ነበር። ሙሉ ልብሷን ለብሳለች። ጫማዋን አድርጋለች። የሳሎኑ መካከል ባዶ ነው፤ ጠረጴዛውንና ወንበሮቹን ግድግዳ ጥግ አስጠግታቸዋለች። ሰው እንደሚመጣ ስለምታውቅ ሳትተኛ ያዘጋጀችው ነው። እናቷ ስትወድቅ ጎረቤቶቹ ገና በሩን አላለፉም ነበር። ልጅቷ ከኋላ በሁለት እጇ በብብቷ ስር ይዛት፣ አብራት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ የጀመረው። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጅቷን ጫማ።

ለሰባት ቀን በየቀኑ ሄድኩ። ሌላው ሰው በሚያደርገው ሁሉ ገባሁ፤ ውሃ ቀዳሁ፣ ወንበር አመላለስኩ፣ ለሚገባው ሰው ሁሉ እጅ ላይ ሳኒታይዘር አፈሰስኩ። ልጅቷ ሰላም ትለኛለች። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። እናቷ ለልጇ ማን ቀድሞ እንደነገራት አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜም «እግዜር ይስጥሽ፣ የልጄ አስተማሪ» ስትለኝ ወዴት እንደምመለከት ይጠፋኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ትምህርት ቤት መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። በር ላይ እጇን አላነሳችም፤ እሱም አልቀለደም፤ ሙቀቷን ለክቶ አሳለፋት። በእረፍት ሰዓት ሮቶዎቹ ጋ አገኘኋት። ሌሊት ሙሉ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ለምን እንደተሳሳትኩ፣ ወረቀቱን እንዴት እንዳነበብኩት፣ በቅደም ተከተል። ስደርስ ሁሉም ጠፋ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ። «አጠፋሁ።»

እጇን በሳሙና ማሸቷን አላቆመችም። አንድ ልጅ ከኋላዋ ተራ ይጠብቅ ነበር፤ ገለል ብላ አስቀድማ አሳለፈችው።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ባይነግሩኝ ኖሮ ተኝተን ነበር ጎረቤቶቹ የሚያገኙን» አለች። «እማዬን የሚይዛት አይኖርም ነበር።»

ከዚያ ቧንቧውን ዘግታ ወደ ክፍል ገባች።

እውነት ይሁን፣ ለእኔ ብላ ያለችው ይሁን አላውቅም። ለእናቷ «አባዬ ምሳ እየበላ ነው» ስትል ያደገች ልጅ ናት። ምናልባት እኔንም አስገብታኝ ይሆናል፣ እንዳይጨነቁ ከሚዋሽላቸው ሰዎች መካከል። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እርግጠኛ መሆን የምችልበት መንገድ የለም።

ስፖርት መምህሩ ከበሩ ሆኖ ሲያየን ነበርና ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ዓርብ ወዲህ እሜቴ ሠንጠረዥ ብሎኝ አያውቅም።

«ምን አለችሽ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ስጋት ነበር፤ ለልጅቷ ተጨንቆ ነው የጠየቀኝ፤ ልነግረውም ይገባ ነበር፤ ግን ይህ ለእኔ ብቻ የተነገረኝ ነበር።

«ምንም» አልኩት።